ለቀርሜሎስ የተለካ ካርቡራተር

ክርያት ያም፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ ጎሹ፣ ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬ ይመኙሻልስ እንዴት ናቸው? የአባቶቻችን አምላክ ይመስገን፣ እኔና እማዬ ደህና ነን፤ የሚጎድለን እናንተ ብቻ ናችሁ። «ስልክ አልወድም፣ ጻፊልኝ» ስላሉ ይኸው ጻፍሁ። እትዬ የደብዳቤውን ፎቶ በስልካቸው አጉልተው ያሳዩዎት።

ወሬው እንዲህ ነው። ኒሲም፣ የምሠራበት ሙሳክ ባለቤት (እዚህ ኃይፋ ጋራዥን ሙሳክ ነው የሚሉት)፣ እስካሁን ጎማና ዘይት ብቻ ሲያስቀይረኝ እንደኖረ ያውቃሉ። በቀደም ሊኦን የሚባል የክርያት አታ ጡረተኛ አንድ አሮጌ የአሜሪካ ፎርድ በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣ። ኮፋኖ የለው፣ ፓራፋንጎ የለው፤ ስምንት ፒስቶን ያለው ሞተር ራቁቱን ተገትሯል። ድሮ ወጣቶች እንዲህ እየገፈፉ ይሽቀዳደሙበት ነበር አሉ፤ ሆት ሮድ ይሉታል። ቢያዩት «ይኼ መኪና ልብሱን የት ጣለው?» ይሉ ነበር። ሞተሩ ታድሶ አልቋል፤ የቀረው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልለት ካርቡራተር ነው። ከሠራተኛው ሁሉ ካርቡራተር የሚያውቅ ጠፋ! ኦዝ የሚባለው፣ ከሠራዊት በቅርቡ የተመለሰው ልጅ፣ ኮምፒውተር ያልተሰካበት መኪና አይቶም አያውቅ። እኔ «አውቃለሁ» አልሁ። አፌ ቀደመኝ።

ኒሲምም «ቤሰደር (እሺ ማለቱ ነው)። እስከ ፋሲካ አስተካክለሽ ካስነሳሽው የሞተር ጠረጴዛው ያንች ነው። ካልሆነ ወደ ጎማሽ» አለኝ። ከእርስዎ ጋራዥ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሞተር ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ይኼ ካመለጠኝ ሌላ አይሰጠኝም፣ አውቃለሁ።

ሊኦን ሁለት ዓይነት ካርቡራተር አምጥቷል፤ ሁለቱም እማዬ ሳትወለድ የተሠሩ ናቸው። አንደኛው አንድ ትልቅ ነው፣ አራት ጉሮሮ ያለው፣ መሃል ላይ የሚቀመጥ። ሌላው ሦስት ትንንሽ ናቸው፣ ሁለት ሁለት ጉሮሮ ያላቸው፣ ከፊት ወደ ኋላ ተሰልፈው የሚቆሙ። ሊኦን ለመልኩ ሦስቱን ይወዳል፤ «የሚሠራውን ግን አንች ምረጭ» ብሎኛል። የኔም ልብ ወደ ሦስቱ ያዘነብላል። ግን እርስዎ ሳይሰሙት አልነካም። በተውሶ ካርቡራተር አስነስቼ ድምፁን ቀድቼ በእትዬ ስልክ ልኬያለሁ። ያድምጡና የትኛውን ልጫን? ቤንዚኑን የምትለካውን የነሐስ ቀዳዳ፣ ጂግለሯንስ፣ ትልቅ ነው ትንሽ የማደርጋት? ሊኦን ሙሉ ቆርቆሮ ጂግለር አለው።

ቶሎ ይጻፉልኝ፤ ቁጭ ብድግ እያልሁ ነው።

የእህትዎ ልጅ ወሰንየለሽ


ጎንደር፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወሰኔ

ሰላም ላንች፣ ሰላም ለእናትሽ ይሁን። እኛ ከነእርጅናችን አለን። ይመኙሻል «ሳምልኝ» ብላለች፤ ይኸው ስሜሻለሁ።

ካርቡራተር የሚያውቅ ጠፋ ትያለሽ? ወይ ጉድ! ይኼ ሁሉ ሰው ባሕር ተሻግሮ የሄደው ካርቡራተር ለመርሳት ነው እንዴ?

አሁን ስሚ። ሦስቱን ተያቸው። ሦስት ካርቡራተር ማለት ሦስት ባልቴት በአንድ ጓዳ ነው፤ አንዷ ስታኮርፍ አንዷ ትቆጣለች፣ ሲያስታርቁ መዋል ነው። ትልቁን ጫኝ። አንድ አፍ ይበቃል። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ደህና ሞተር ነው፣ ሽሮ ሳያርር ቀስ ብሎ ሲንተከተክ ይመስላል።

ጂግለሯን ትንሽ አድርጊያት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚን ካበዛሽበት ታፍኖ ጥቁር ያጨሳል። ይኼን ከኔው ጋራዥ ታውቂዋለሽ። ለጎንደር የምናደርገውን አድርጊ፣ እንዲያውም አንድ ቁጥር ዝቅ በይ። ኃይፋ ያለችው ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ነው፤ ነቢዩ ኤልያስ የወጣበት ተራራ ከጎንደር ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ስልክ አትደውይ። ስልክ ነገር ያስረሳል። ጻፊ።

አጎትሽ ጎሹ


ክርያት ያም፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እማዬ «ወንድሜን ሳይጎረብጠው ያኑርልኝ» ትላለች።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ትልቁን ጫንሁ፣ ጂግለሯን ትንሿን አደረግሁ። ሊኦን ሦስቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሳጥኑ ሲመልስ አንጀቴን በላው፤ ግን «የጎንደር አጎቴ ካለ አለ ነው» አልሁት። ሞተሩ ይነሳል፤ ቆሞ ሲሠራ ምንም አይል። ቤንዚን ስረግጥበት ግን ጧ! ጧ! ጧ! ይላል። ኦዝ ጆሮውን ይዞ «ጦርነት ጀመረ» እያለ ይስቅብኛል። ኒሲም እያፏጨ በጎኔ ያልፋል። ከስድብ የሚከፋ ፉጨት ነው።

ድምፁን ደግሜ ልኬያለሁ። እባክዎ ቶሎ።

ደግሞ እንዳይቆጡኝ፣ ሐሙስ ዕለት ትዕግሥት አጥቼ ደውዬ ነበር። እትዬ አንስተው «ምኩራብ ሄዷል» አሉኝ። ከኋላቸው ግን ሲስሉ ሰማሁዎት። ሳልዎን ደግሞ ከሺህ ሰው መሃል አልስተውም። ምን አጠፋሁ ጋሼ? ተቀይመውኛል?

ወሰንየለሽ


ጎንደር፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወሰኔ

እንደምነሽ። የዘገየሁት ኔት ጠፍቶ ነው። ማን ተቀየመሽ? የሳለው ጎረቤት ይሆናል። ከተማው ሁሉ ጉንፋን ይዞታል።

ድምፁን ሰማሁት። የሽንብራ ቆሎ ብረት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ነው። ቤንዚን በዝቶበታል። ጂግለሯን አሁንም ዝቅ አድርጊያት፣ ይተወዋል።

ድምፅ ስትልኪ ደግሞ ከኋላ ሰው አይለፍልፍ። ያ በዕብራይስጥ የሚጮኸው ማን ነው? ያደናግራል።

ስለ ጤናዬ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ፣ ደህና ነኝ ብያለሁ።

ጎሹ


ክርያት ያም፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ ጎሹ

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለእትዬ። ይኼን ደብዳቤ ጀምሬ ስንቴ እንደቀደድሁት አልነግርዎትም።

ጂግለሯን ዝቅ አደረግሁ። ሊኦን አጠገቤ ቆሞ ነበር። ረገጥሁት፣ ተንጣጣ፤ እንደገና ስረግጠው ሞተሩ ግሎ ሽታው ተለወጠ። ኒሲም ሮጦ መጥቶ አጠፋው። እሳት የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ስፈታቸው ኖራ የተቀቡ ይመስል ነጭ ናቸው። ፒስቶን አልተበሳም፤ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሊኦን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ኒሲም በአገጩ ወደ ጎማዎቹ አሳየኝ። ይኸው ሰሞኑን ጎማ ነው የማቅፈው።

ካንዴላ ሲነጣ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቤንዚን በዝቶበት አይደለም። ተጠምቶ ነው! ከክርያት ያም ወደ ሥራ የሚወስደኝ አውቶቡስ የባሕሩን ዳር ይዞ ነው የሚሄደው። ትናንት ውኃውን እያየሁ ከመተማ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ትዝ አሉኝ። ቆላ ላይ ደህና ሲሠሩ ቆይተው ጎንደር ሲወጡ ጥቁር እያጨሱ እርስዎ ጋር ይመጡ ነበር፤ እርስዎም ጂግለር ያሳንሱላቸው ነበር። ወደ ቆላ ለሚወርደው ደግሞ ያሳድጉለት ነበር። ጋሼ፣ ቀርሜሎስ ተራራ ነው፣ ግን እንደኛ ተራራ አይደለም። ጫፉ እንኳ ከመተማ ዝቅ ይላል። ሙሳኩ ደግሞ ጫፉ ላይ አይደለም፤ ከግርጌው፣ ወደቡ አጠገብ ነው። ዳዶ ብጥል ተንከባሎ ባሕር የሚገባ ይመስለኛል። በዚህ ልወቅስዎት አልችልም። እዚህ እየኖርሁ እኔም አላሰብሁትም፤ እርስዎ ካሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ሌላው ነው የሚያስጨንቀኝ። እርስዎ ሞተር በካርቡራተሩ ወደ ላይ ሲተፋ «ያስነጥሳል» ይላሉ፣ በጭስ መውጫው ሲተኩስ «ያስላል» ይላሉ። ዕድሜዎን ሙሉ ሌላ ሲሉ አልሰማሁም። ሽሮና ሽንብራ ከየት መጣ? ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የኔ ሞተር ጉድ ግን ከፊት ነበር፣ ያስነጥስ ነበር። እርስዎ አንዴ ቢሰሙት «ልጄ፣ ተጠምቷል» ይሉኝ ነበር። ሽሮው የእትዬ ይመኙሻል ጆሮ ነው። በስልክ የማያናግሩኝም፣ እያሉ የለም የሚያስብሉኝም...

ጋሼ፣ ይሰማሉ? እውነቱን ይንገሩኝ።

ወሰኔ


ክርያት ያም፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ

እንዴት ሰነበቱ። ደብዳቤዬ እንደተከፈተ ስልኬ ያሳየኛል፤ መልስ ግን የለም። ሥራ ላይ ስልኬን እያወጣሁ ሳይ ኒሲም «ፍቅረኛ ነው?» ይለኛል።

ካስከፋሁዎት ይስደቡኝ። ዝም አይበሉኝ ብቻ። እማዬ «ምን ሆነሽ ነው የማትበይው?» ትለኛለች፤ አልነገርኋትም።

ወሰንየለሽ


ጎንደር፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወሰኔ

ተቆጥቼ ነበር። አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ ሰላምታውን ኋላ አደርሰዋለሁ።

አልሰማም። ግራ ጆሮዬ ቀድሞ ሄደ፤ ቀኙ ባለፈው ክረምት ተከተለው፤ ተጠግተው ካልጮኹበት አይሰማም። በጋራዡ ማንም አያውቅም። ካቻቢቴ በጥርሴ ነክሼ ጫፉን ሞተሩ ላይ ሳሳርፈው ድምፁ በአጥንቴ ይመጣልኛል። ደንበኛው ጥበብ ይመስለዋል፤ «ጋሽ ጎሹ ሞተር ይቀምሳል» እያሉ ያወሩልኛል። ያንችን ሞተር ግን በምን ልንከሰው? ስልኩን በጥርሴ ነከስሁት። እውነቴን ነው። ይመኙሻል ስቃ ልትሞት ደረሰች፤ ኋላ ማድቤት ገብታ አለቀሰች።

ከዚያ «ቆይ እኔ ልስማልህ» አለችኝ። የሰማችውን ጮክ ብላ በቀኝ ጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ይንጣጣል» ስትለኝ «ከፊት ነው ከኋላ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከስልኩ ነው» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ! ጥፋቱ የኔ ነው፤ አላወቅሁም ማለት ሞት መስሎኝ ገመትሁ። በግምቴ የሰው ሞተር ላቃጥል ነበር፣ አንችንም ከሥራ ላስወጣ ነበር።

ስለ ቀርሜሎሱ ስህተት ግን በጆሮዬ አላሳብብም። መጽሐፉ ሲነበብ ስሰማ ነው ያረጀሁት። ኤልያስ ሎሌውን «ወደ ባሕር ተመልከት» ይለዋል፤ የሰው እጅ የምታህል ደመና ከባሕር ስትወጣ ያያል። ባሕሩ እዚያው ከሥሩ ነበር! ያን ሁሉ ዘመን ተራራውን ብቻ ሰማሁ፣ ባሕሩን አልሰማሁም። ደህና ጆሮ ሳለኝ እንኳ።

ለምን ደበቁኝ ትይኛለሽ። ፈራሁ። «ጋሼ አርጅተዋል» ብለሽ ሌላ ሰው ትጠይቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። የዚህ አገር መኪና ካርቡራተሩን እየጣለ ነው፤ የሚመጣልኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። ያንች ደብዳቤ ሲመጣ እጄን ታጥቤ ነው የምቀመጠው። ይኼን ማጣት አቃተኝ።

እንግዲህ ታውቋል። ከአሁን ወዲያ ጆሮ ያለው ሰው ፈልጊ። ድምፅ አትላኪልኝ፤ ይመኙሻልም ደክሟታል። ለእናትሽ አትንገሪ።

ሰላም ላንች ይሁን።

ጎሹ


ክርያት ያም፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣ በማረው እጅ

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ አነበብሁት። ስልኩን የነከሱት ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ደግሞ አለቀስሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሶፍት ሰጡኝ፤ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነው።

ሌላ ሰው አልፈልግም። አበቃሁ።

ይኼን የሚያደርስልዎት ማረው እዚህ ኃይፋ የሃሊሳ ሰፈር ሰው ነው፤ እናቱን ሊጠይቅ ጎንደር መምጣቱ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞልዎታል፤ አየር ማረፊያ ላይ «ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ሲያስጨንቁት እኔን ሲረግም እንደነበር አልጠራጠርም። ስምንት ካንዴላዎች ናቸው፣ ከሊኦን ሞተር አሁን የተፈቱ፤ ያኔ የነጡት አይደሉም፣ አዲሶቹ ናቸው። እያንዳንዷ ላይ ቁጥሯን በጥፍር ቀለም ጽፌያለሁ፤ ከአንድ እስከ አራት የቀኙ ረድፍ፣ ከአምስት እስከ ስምንት የግራው፤ ሁለቱም ከፊት ወደ ኋላ።

ኒሲምን ለምኜ በምሳ ሰዓቴ እየሠራሁበት ነው። ጂግለሮቹን ለባሕሩ ዳርቻ አየር አሳደግኋቸው። አሁን አያስነጥስም፣ አይግልም። ኒሲም «መልካም ነው» ብሏል፤ ሊኦን ከፋሲካ በፊት መጥቶ ይነዳዋል፣ ካማረው ጠረጴዛው የኔ ነው። እኔ ግን አላምነውም። ስረግጠው ለአፍታ ያመነታል፣ ከዚያ ይሄዳል። ሌላ ሰው አያስተውለውም። እኔ ሌሊት በሕልሜ ሁሉ ያመነታብኛል። ምክንያቱን አጣሁት። ሊኦን ያስተውለዋል፤ ይኼን መኪና እንደ ልጁ ነው የሚያየው።

ጆሮዎን አልጠየቅሁም። ዓይንዎን ነው። እና እባክዎ፣ እነዚህን ደግሞ አይንከሱብኝ።

ወሰኔ


ጎንደር፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወሰንየለሽ

ሰላምና ጤና ላንች፣ ለእናትሽ፣ ለጌታሽ ለኒሲም፣ ለዚያ ለሚስቅብሽ ለኦዝም ጭምር። ማረው ተመልሶ እዚያ እስኪደርስ ፋሲካው ያልፋልና ይመኙሻል ይኼን ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች።

ካንዴላዎቹን ፀሐይ ባለበት መስኮት ላይ አራት በዚህ አራት በዚያ አድርጌ እንደ ሞተሩ ደረደርኋቸው። መነጽሬን አደረግሁ። ይመኙሻል ልታናግረኝ ስትመጣ «ዝም በይ፣ እየሰማሁ ነው» አልኋት።

ስድስቱ የዳቦ ቅርፊት መልክ አላቸው። እንደዚያ ነው የሚፈለገው፤ ጂግለርሽ ልክ ነው፣ አትንኪያት። አራተኛዋና ስምንተኛዋ ግን ገርጥተዋል። ሁለቱም የየረድፋቸው የመጨረሻ ናቸው። የኋለኛው ካርቡራተር ከሥሩ አየር ይሰርቃል። ፍቺውና ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ለውጭ። ከመጫንሽ በፊት ግርጌውን መስተዋት ላይ አስቀምጠሽ እዪው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ጠሟል፣ መስተዋቱ ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈሽ እስኪስተካከል ፈግፍጊው። ማመንታቱ ያኔ ይተወዋል።

«የኋለኛው» ማለቴን ልብ በይ። ትልቁ መሃል ላይ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ የኋለኛ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ፊተኞቹም ኋለኞቹም ገርጥተው መሃሎቹ ይጠቁሩ ነበር። ሦስቱን ባልቴቶች ጭነሻል! ቃሌን ጥሰሽ፣ ሳትነግሪኝ፣ ካንዴላ ላክሁልዎ ብለሽ። በመጀመሪያ ተናድጄ ከመስኮቱ ተነሳሁ። ዞሬ ተመልሼ አየኋቸው። ሦስት ካርቡራተር እንዲህ አስታርቄ አላውቅም፤ ከሞከርሁበት ቀን ጀምሮ አቅቶኝ ነው ሰውን ሁሉ ተዉት የምለው። አንች አስታረቅሻቸው። ኮራሁብሽ። ሂጂ፣ ጠረጴዛሽ ላይ ቁሚ።

ስድስቱን ካንዴላዎች በማረው እጅ መልሼልሻለሁ። የገረጡትን ሁለቱን አስቀርቻለሁ። ጓርኒሲዮኑን ከለወጥሽ በኋላ ከነዚያው ከሁለቱ ቦታ የወጡ ሌሎች ላኪልኝ፣ አጠገብ ላጠገብ ላያቸው እፈልጋለሁ። ሌላም ብልሽት ሲገጥምሽ ካንዴላ ላኪ። የሚያመጣ ሰው ካጣሽ ፎቶ ላኪ፣ በፀሐይ ብቻ አንሺው።

ደግሞ ደውይ። አዎ፣ በስልክ። እኔ አልሰማሽም፣ ግን ይመኙሻል አጠገቤ ተቀምጣ ድምፅሽ ምን እንደሚመስል ትነግረኛለች። ሽሮም ትበል ሽንብራ፣ እቀበላለሁ።

አጎትሽ ጎሹ